አራት ኳስ ቀይሬ ኋላው አሁንም ድርቅ እንዳለ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አምድህን ሁሌ ነው የማነበው። በፈረንጆቹ የ1996 ሲትሮይን ዛንቲያ አለኝ፣ ሃይድራክቲቭ የሚባለው፣ ልስላሴውን ኮምፒውተር የሚቆጣጠረው አይነት። ስገዛው አልጋ ላይ የተቀመጥኩ ነበር የሚመስለኝ፣ አሁን ግን በተለይ ከኋላ ድርቅ ብሏል፣ ትንሽ ጉድጓድ ሳይቀር ወገቤ ድረስ ይሰማኛል። መካኒኬ መጀመሪያ አሞርዛተር ነው አለኝ፣ ከዛ የለም ናይትሮጅን ያለባቸው የብረት ኳሶች ናቸው ብሎ አራቱ ጎማ ጋ ያሉትን ቀየረልኝ። ፊቱ ትንሽ ተሻለው፣ ኋላው ግን ያው ነው። ግራ የገባኝ ደግሞ ከፍታው ምንም አልወረደም፣ ጋዝ ቢያልቅ ኖሮ አይተኛም ነበር? ሌላ ገንዘብ ላውጣበት ወይስ ልሽጠው?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ፣ አትሽጠው፣ ቢያንስ ከታች የምነግርህን የበር ሙከራ ሳታደርግ አትሽጠው። መጀመሪያ ግን የከፍታውን ነገር እንጨርስ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው።

ጎማ አየር ሲወጣለት ይለሰልሳል ይተኛል፣ ስለዚህ ኳሱም ጋዙ ሲያልቅ እንደዛ የሚሆን ይመስለናል፣ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ኳሱ ውስጥ መሃል ላይ ላስቲክ አለ፣ በአንድ በኩል ናይትሮጅን በሌላ በኩል ዘይት። ዘይት ብትጫነው አይታመቅም፣ የሞላን ስራ የሚሰራው ጋዙ ብቻ ነው። ጋዙ ደግሞ በዓመታት ውስጥ በላስቲኩ አልፎ ቀስ እያለ ይሾልካል፣ የመኪናው ክብደት ግን አልቀነሰም፣ ስለዚህ የቀረችዋን ጋዝ ጨምቆ ጨምቆ ጭብጥ ያደርጋታል፣ እና ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ መላወሻ የለም። ጭራሽ ካለቀ ወይም ላስቲኩ ከተቀደደ ዘይት ለዘይት ሆነ ማለት ነው፣ ብረት ላይ ተቀምጦ መሄድ በለው። ከፍታውን የሚጠብቀው ሌላ ቫልቭ ነው፣ መኪናው ዝቅ ሲል ዘይት ይጨምራል ከፍ ሲል ይቀንሳል፣ ጋዝ ይኑር አይኑር እሱ አያገባውም። አራቱም ኳሶች ሞተው መኪናው ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል።

አሞርዛተር ያለህን ደግሞ እርሳው። እዚህ መኪና ላይ የአሞርዛተርን ስራ የሚሰራው ኳሱ አንገት ላይ ያለችው ቀዳዳ ያላት ትንሽ ቫልቭ ናት፣ ለብቻው የሚቀየር አሞርዛተር የለም። ይቅርታ ይደረግልኝና እንደዛ ያለህ ሰው ይሄን አይነት መኪና ብዙም አልነካም።

አሁን ወደ ያንተ ጉዳይ። ሃይድራክቲቭ ከጎማዎቹ ኳስ ሌላ በፊት በኩል አንድ በኋላ በኩል አንድ፣ መሃል ላይ ተጨማሪ ኳስ አለው። የኤሌክትሪክ ቫልቭ ሲከፈት የመሃሉ ኳስ ከሁለቱ ጋር ይገናኛል፣ መኪናው ይለሰልሳል፣ መብራት ካልደረሰው ቫልቩ ይዘጋል መኪናውም ይደርቃል። እና ያንተ መካኒክ የመሃሉን አልነካውም፣ የኋላው ከታች ተደብቆ ስለሆነ ብዙዎች አይነኩትም።

የበር ሙከራው እንዲህ ነው። ሞተሩን አጥፋ፣ በሮቹን የኋላውን ክዳን ጨምሮ ዝጋ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ጠብቅ። ከዛ ኋላው ላይ በሁለት መዳፍህ ክብደትህን ጣልበትና ተጫነው፣ እንዴት እንደሚወርድ እጅህ ላይ ያዘው። አሁን አንድ ሰው በር ይክፈትልህ፣ ኮምፒውተሩ በር ሲከፈት ቫልቮቹን ስለሚያነቃ ከስር ጠቅ ወይም ሽሽ የሚል ነገር ትሰማለህ፣ ወዲያው ደግመህ ተጫን። በግልጽ ከለሰለሰ የመሃሉ ኳስ ደህና ነው ቫልቩም ይሰራል፣ እንግዲህ ስትነዳ የሚያደርቀው ኮምፒውተሩ ነው፣ ከመሪ ከፍጥነት ወይ ከሌላ ሴንሰር የማይሆን ነገር እየደረሰው፣ ስለዚህ ኳስ መግዛቱን ተውና ኮዱን አስነብብ። ፊቱ ለስልሶ ኋላው ካልተንቀሳቀሰ፣ እኔ የምጠረጥረው ይሄን ነው፣ ወይ የኋላው የመሃል ኳስ ሞቷል ወይ የኋላው ቫልቭ መብራት አይደርሰውም። ጠቅታው ከኋላ ከተሰማ ኳሱን ቀይር፣ ካልተሰማ መጀመሪያ ሶኬቱ ዝጎ እንደሆነ እይ፣ እሱ በነጻ ነው።

የሞተ ኳስ ሲጫኑት ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው፣ መኪናው አይወርድም፣ እጅህ ስር የሚሰጠው ጎማው ብቻ ነው፣ ጎማው ጎኑ ትንሽ ሲያብጥ ታየዋለህ።

ሌላው የተቀየሩልህ አራቱ ኳሶች የዛንቲያ ይሁኑ ብቻ ሳይሆን የሃይድራክቲቭ ይሁኑ። ጥርሱ አንድ ስለሆነ የሌላውም ይገባል፣ ግን የጋዙ ግፊትና የአንገቱ ቀዳዳ ይለያያል። ላዩ ላይ ቁጥር አለ፣ አንብበው። የኋላ ጎማዎችህን ከኋላ ቆመህ ስታያቸው ከላይ ወደ ውስጥ ካዘመሙና ሲጫኑት ሲጥ ሲጥ ካለ ደግሞ የኋላው ክንድ ኩሽኔታ አልቋል፣ እሱም ያደርቃል፣ ያንን ምንም ኳስ አያድነውም።

እና ሳትስቅብኝ የከፍታ ሊቨሩን እይ። እኔ ራሴ አንዴ ሶስት ቀን ሙሉ ስፈታ ስገጥም ከርሜ ለካ ሊቨሩ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ነው፣ ከፍ ሲል መኪናው መወጠሪያው ጋ ስለሚደርስ ይደርቃል፣ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ኳስ ስትፈታ ሊቨሩን ዝቅተኛው ላይ አድርግ፣ ካቫሌቶ ሳታስገባ ከስር እንዳትገባ ምክንያቱም ግፊቱ ሲለቀቅ ዝም ብሎ ነው የሚተኛብህ። ሞተሩ ጠፍቶ ሬጉላተሩ፣ ማለትም የፓምፑን ግፊት የሚቆጣጠረው፣ ላይ ያለችውን በ12 ቁልፍ የምትፈታዋን ብሎን አንድ ዙር ያህል አላላት፣ ጨርሰህ አታውጣት፣ ውስጧ ትንሽ ኳስ አለች ትጠፋብሃለች። አዲሱን በአዲስ ኦሪንግ፣ በዘይቱ አርሰህ፣ በእጅ ብቻ አጥብቀው።

ጥያቄ፦ የሲትሮይን ቢኤክስ ሞተሩ ቆሞ ሲሰራ በየአራት ሴኮንዱ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ መኪናውም ደርቋል። አንድ ችግር ነው? ዘይቱ ትንሽ ስለጎደለ የፍሬን ዘይት ልጨምርበት?

መልስ፦ የፍሬን ዘይቱን አስቀምጠው! የዚህ መኪና ዘይት አረንጓዴው ኤልኤችኤም ነው፣ ማዕድን ዘይት ነው፣ የፍሬን ዘይት ጎሚኒዎቹን በሙሉ ያበላሻቸዋል፣ ያኔ ነው ለመሸጥ የምታስበው። ከጨመርክ ሞተሩን ሳታስነሳ ሁሉንም አፍስስ።

ጠቅታው ሌላ ችግር ነው። ሬጉላተሩ ግፊቱ 145 ባር አካባቢ ሲወርድ ፓምፑን ያስገባል 170 ሲደርስ ያወጣል፣ መሃል ላይ ግፊቱን የምታጠራቅም ለብቻዋ የሆነች ኳስ አለች። ጤነኛ ከሆነች መሪ ሳትነካ ግማሽ ደቂቃና ከዛ በላይ ዝም ይላል። በየአራት ሴኮንዱ ከሆነ ልብ ብለህ ስማ፣ ፓምፑ ገብቶ ቶሎ ከወጣ፣ ሁለቱም አጭር ከሆኑ፣ ያቺ ኳስ ጋዝ የላትም። ፓምፑ ለመሙላት ረጅም ጊዜ ከወሰደበት ግን የሆነ ቦታ ዘይት ወደ ውስጥ እየተመለሰ ነው። በሁለቱም መንገድ መድረቁን የሚያመጣው እሱ አይደለም፣ እሱን ጎማዎቹ ጋ ካሉት ኳሶች ፈልግ፣ ግን ጋዝ ያለቀባት የጠቅታዋ ኳስ ከሆነች አስቀድመህ እሷን ቀይር፣ ፓምፑ ሲቆም ለፍሬን የምትተርፍህ ግፊት የምትጠራቀመው እዛ ውስጥ ነው።