የኢራቅ ወረራና የማግሥቱ ነገር
«አሜሪካውያን የኢራቅን ጦርነት ሲደግፉ ከድሉ በኋላ ስለሚሆነው አስበው ነበር ወይ?» ብለው ለጠየቁት፣ በእኔ ግምት አብዛኛው ሰው የደገፈው ሳዳም ሑሴንን ማስወገዱን እንጂ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አስተዳደር አልነበረም። በመጋቢት 2003 እ.ኤ.አ. ከአሥር አሜሪካውያን ሰባት ያህሉ ጦርነቱን ይደግፉ ነበር፤ የማግሥቱ ክርክር ግን በአብዛኛው በባለሥልጣናት መካከል የቀረ ነበር። የምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ኤሪክ ሺንሴኪ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል በየካቲት ወር ለሴኔቱ ከድሉ በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ሊያስፈልግ እንደሚችል ሲናገሩ፣ ምክትል የመከላከያ ሚኒስትሩ ፖል ዎልፎዊትዝ ግምቱ ከእውነታው እጅግ የራቀ ነው ብለው አጣጣሉት። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ከ2002 ጀምሮ በስደት ያሉ ኢራቃውያንን ሰብስቦ ስለ ማግሥቱ ያዘጋጀው ጥናትም (ለመደርደሪያ የተጻፈ ይመስል) ከሞላ ጎደል ወደ ጎን ተተወ። የሕዝቡ አስተያየት መዞር የጀመረው ባግዳድ ከተዘረፈች፣ በግንቦት 2003 አሜሪካ ኢራቅን እንዲያስተዳድሩ የሾመቻቸው ፖል ብሬመር የኢራቅን ጦር በትነው መሣሪያ የለመዱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያለ ሥራ ከቀሩና የአሜሪካ ወታደሮች ሞት ከበዛ በኋላ ነው፤ በ2004 አጋማሽ በተደረገ የጋሎፕ መጠይቅ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወታደር መላኩ ስሕተት እንደነበር ተናግረዋል።