አራት መንደር፣ አንድ ወንበር፦ ስለ ኢኑቪያሉይት ተወካይ ጥያቄና መልስ

ኑናክፑት በካናዳ ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ ሰሜን ጫፍ ያለ የምርጫ ክልል ነው። ቱክቶያክቱክ (ባጭሩ ቱክ)፣ ፖላቱክ፣ ሳክስ ሃርበርና ኡሉካክቶክ የተባሉ አራት የኢኑቪያሉይት (የምዕራብ አርክቲክ ኢኑዊት ሕዝብ) መንደሮችን ይይዛል። ተወካዮቹ በቴሪቶሪው ዋና ከተማ በየሎውናይፍ ባለው ምክር ቤት ለዓመታት ስለ ቤት፣ ስለ ጭነትና ስለ ሐኪም ሲጠይቁ ኖረዋል። ጥያቄ ስለበዛብኝ አንድ ላይ ልመልስ፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ብቻውን ጮኾ ምን ያመጣል? ፓርቲ እንኳ የለውም አሉ።

መልስ፦ እዚያ ምክር ቤት ፓርቲ ያለው የለም። 19ኙም አባላት በግል ተወዳድረው ነው የሚገቡት። ከዚያ በምስጢር ድምፅ ከመካከላቸው የመንግሥቱን መሪ ፕሪሚየሩንና ስድስት ሚኒስትሮችን ይመርጣሉ፤ እነዚህ ሰባቱ ካቢኔው ናቸው። አፈ ጉባኤው ሲቀነስ 11 ተራ አባላት ይቀራሉ። እንግዲህ ሂሳቡን ሥሩት፦ 11 ለ7። ተራ አባላቱ ካበሩ የካቢኔውን በጀት መጣል ይችላሉ። የኑናክፑት ሰው ብቻውን አቅም ባይኖረውም፣ ከሌሎቹ የትንንሽ መንደር ተወካዮች ጋር ሲገጥም ሚኒስትሩ ጆሮ ይሰጠዋል።

አሠራሩን ላስረዳ። ተወካዩ መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ተኩል መግለጫ ያሰማል። ሳክስ ሃርበር ውስጥ የእገሌ ቤት ማሞቂያ ተበላሽቷል፣ ጠጋኝ አልመጣም ይላል እንበል። በዚያው ቀን ሚኒስትሩን ፊት ለፊት ይጠይቃል። ሚኒስትሩ «እናየዋለን» ካለ ተከታይ ጥያቄ አለ፦ መቼ? በበጀቱ ውስጥ ተይዟል? ማን ነው የሚላከው? ይህ ሁሉ በቃለ ጉባኤው ቃል በቃል ይመዘገባል። ጎበዝ ተወካይ የዓምናውን ቃለ ጉባኤ ይዞ ይመጣና «እንዲህ ብለው ነበር» ብሎ ያነብለታል። እኔ ከስሜታዊ ንግግር ሁሉ ይህን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ መንደሮቹ ስንት ሰው ቢኖርባቸው ነው?

መልስ፦ በ2021 ቆጠራ ሳክስ ሃርበር ከ100 ሰው ብዙም አይበልጥም፣ ትልቁ ቱክም 1,000 አይሞላም። ቴሪቶሪው ራሱ በስፋት ከኢትዮጵያ ይበልጣል፤ ሕዝቡ ግን ወደ 41 ሺህ ነው።

ጥያቄ፦ ለምግብ የፌዴራል ድጎማ አለ አይደል? ታዲያ ኑሮ ውድነቱ ለምን አይበርድም?

መልስ፦ አለ፤ ከ2011 ጀምሮ ኒውትሪሽን ኖርዝ የሚባል። ግን ድጎማ ራቅ ያለውን መንገድ አያሳጥርም። ከባዱ ዕቃ፣ ማለትም ናፍጣ፣ ሳንቃ፣ መኪና፣ መንገድ ወደሌላቸው መንደሮች የሚገባው በረዶው በሚለቅባት አጭር በጋ በባርጅ (በጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ) ነው። በ2018 በረዶው አልከፈት ብሎ ወደ ፖላቱክ የሚሄደው ባርጅ ተሰረዘ፤ መንግሥት ጭነቱን በአውሮፕላን ለማጓጓዝ ተገደደ። ለቤት ጥገና የታዘዘ በርና መስኮት ባርጁ ካመለጠው ወይ በውድ ዋጋ ይበራል ወይ ለከርሞ ይቀራል። ስለዚህ ተወካዩ ስለ ቤት ሲጠይቅ ግማሹ ጥያቄ የጭነት ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ኤድመንተን ሆስፒታል ነው የምሠራው። ከሰሜን የመጡ አዛውንቶች ብቻቸውን ተኝተው አያለሁ። ዘመድ ለምን አይከተላቸውም?

መልስ፦ እህቴ፣ ያየሽው ምክር ቤት ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ ጉዳይ ነው። በመንደሮቹ ያለው ነርሶች የሚሠሩበት ጤና ጣቢያ ነው፤ ሐኪም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ከዚያ በላይ ከሆነ በአካባቢው ትልቋ ከተማ ኢኑቪክ፣ ከዚያ የሎውናይፍ፣ ከዚያ እናንተ ጋ ኤድመንተን። ነፍሰ ጡር እንኳ ከመውለጃዋ ሳምንታት ቀድማ ቤቷን ትታ ትሄዳለች። ለአስታማሚ የሚከፈለው መስፈርት ሲሟላ ብቻ ነው፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ነው። እንግሊዝኛ የማይቀናው ሽማግሌ ብቻውን ይላካል ብሎ ነገር ለእኔ አይዋጥልኝም።

ጥያቄ፦ በ1984 መሬታቸውን አስከብረዋል አይደል? ለምን ይለምናሉ?

መልስ፦ ልመና አይደለም። በ1984ቱ ስምምነት ወደ 91,000 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት በስማቸው ሆነ፤ ከዚያ ውስጥ 13,000 ያህሉ ከነማዕድኑ። ካሳውንም የሚያስተዳድር የራሳቸው ኮርፖሬሽን አላቸው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የመንግሥት ቤት ግን የቴሪቶሪው መንግሥት ግዴታ ነው። መሬት ስላለው ሐኪም አይገባውም የሚባል ሰው የትም የለም።

ጥያቄ፦ የቱክ መንገድ ተሠራ ሲባል ሰማሁ።

መልስ፦ ኖቬምበር 15 ቀን 2017 ተከፈተ። ከኢኑቪክ ወደ 138 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ነው፤ ወጪው 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። ሲሠራ መሬቱን ቆፍረው አልደለደሉም፤ ከሥሩ ያለው የቀዘቀዘ አፈር እንዳይቀልጥ በላዩ ሞልተው ከፍ አደረጉት፣ አብዛኛውንም ሥራ በክረምቱ ብርድ ነው የሠሩት። ቀድሞ ቱክ በመኪና የሚደረሰው በክረምት በበረዶ ላይ ብቻ ነበር። ሳክስ ሃርበርና ኡሉካክቶክ ደሴት ላይ ስለሆኑ ለእነሱ መንገድ የሚባል ነገር አይታሰብም።

ጥያቄ፦ ባሕሩ ቱክን እየበላ ነው የሚባለውስ?

መልስ፦ እውነት ነው። ዳርቻው በበረዶ የተያያዘ አፈር ነው፤ ሲሞቅ ይላላል፣ ማዕበሉ ይገምሰዋል። በ2020 ጠረፍ ላይ የነበሩ ቤቶች ተነሥተው ወደ ውስጥ ተወስደዋል። ገንዘቡን በዋናነት ሊያወጣ የሚችለው ኦታዋ ያለው የፌዴራሉ መንግሥት ስለሆነ፣ የቴሪቶሪው ሚኒስትር ሲጠየቅ ኳሷን ወደዚያ ይለጋታል።

ጥያቄ፦ አሁን ተወካዩ ማን ነው? ሚኒስትር መሆን አይሻልም?

መልስ፦ በ2023 የተመረጠችው ሉሲ ኩፕታና ናት፤ ካቢኔ ገብታ የቤቶች ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች። ከእሷ በፊት የነበረው ጃኪ ጃኮብሰን ብዙውን ዘመን በተራ አባልነት ሲጠይቅ ኖሯል፤ ከ2011 እስከ 2015 ግን አፈ ጉባኤ ስለነበር መጠየቅ አልቻለም። ሚኒስትርም እንደዚያው ነው፤ የሥራ ባልደረባውን በአደባባይ አይጠይቅም። ቀደም ሲል ደግሞ የዚሁ ክልል ተወካይ ኔሊ ኩርኖያ ከ1991 እስከ 1995 ፕሪሚየር ነበረች። ለቤት ጉዳይ በጀቱን የያዘ ሰው ይሻላል እላለሁ። ለባርጁና ለአስታማሚው ግን ተራ አባል ነው የሚያስፈልገው፤ ያንን ጥያቄ አሁን ሌላ ክልል ያለ ተወካይ ሊያነሣላቸው ይገባል።