ዛሩም ይራባል፦ ምናባዊ ልቦለድ ለምትጽፉ ወጣቶች

ልጆቼ፣

በአርታኢነት ዘመኔ ዘንዶና ቤተ መንግሥት ያለባቸው ብዙ ምናባዊ ታሪኮች አንብቤያለሁ። የቤት ኪራይ የሚከፍል ገጸ ባሕርይ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

እስቲ ወደ ወሎ እንሂድ። ሁለት እህትማማቾች አሉ እንበል። ታላቅየዋ ትምህርቷን አቋርጣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገባች። ስፌት ላይ ነው የምትውለው። ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ፣ እቁብ እየጣለች፣ ከደመወዟ ለታናሿ ትልካለች። ታናሽየዋ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ትማራለች።

የታናሽየዋን ጸጸት ከዚህ ቅዱት። አንድ እሁድ ታላቅየዋ ዳቦ ቆሎ ይዛ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ልትጠይቃት ትመጣለች። በሩ ላይ የታናሽየዋ ጓደኞች «ማናት?» ይላሉ። ታናሽየዋ «የሰፈራችን ልጅ ናት» ትላለች። በቃ! ታላቅየዋ ሰምታለች። ፌስታሉን ሰጥታት ትመለሳለች። ጀማሪ ጸሐፊ እዚህ ጋ ቸኩሎ እህትየዋን መኪና ያስገጫታል፤ እባካችሁ ተዉ።

አሁን ዛሩ ይምጣ፤ ታላቅየዋ ላይ ይውረድ። ወሎ ላይ ተቀምጦ ከባሕር ማዶ ጠንቋይ ማስመጣት ምን ይባላል? ዛር ፈረሱን፣ ማለትም የሚያድርበትን ሰው፣ ይመርጣል፣ በዘር ይወርዳል፣ በፈረሱ አፍ ይናገራል ይባላል። ቡና፣ ሽቶ፣ ገብስማ ዶሮ ይጠይቃል። በስፌት ደመወዝ ዶሮዋን ማን ይገዛታል? እቁቡስ መቼ ነው የሚደርሳት? እነዚህን ጥያቄዎች አትዝለሏቸው። ታሪኩ ያለው እነሱ ውስጥ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ድረስ ገባ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል፣ ታገደች፤ ወደ አሜሪካ ልብስ የሚልኩ ፋብሪካዎች ተናጉ። ታላቅየዋ ያኔ ሥራ ብታጣ ዛሩም አብሯት ይራባል። ሲርበው ወደ ታናሽየዋ ይሻገራል። ዶርም ውስጥ፣ እነዚያው ጓደኞቿ ፊት፣ በእህቷ ድምፅ «የሰፈራችን ልጅ ናት» ያሰኛታል።

ያቺን እሁድ ግን መልሶ አይስጣት። ጸጸቱን ከፋቀላት እኮ ታሪክ የለም። ይቅርታ ከፈለገች እንደማንኛውም ሰው ሚኒባስ ተሳፍራ ኮምቦልቻ ትውረድ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ፋብሪካ ለምትሠራ ሴት አንብቡላት። ዛሩን ያለችግር ትቀበላችኋለች። የምትስቀው ሱፐርቫይዘሩ ፈቃድ የሰጠበት ቦታ ላይ ነው። እሱን አርሙና ላኩልኝ።