ፒየር ጉዌንን ለማታውቁ ወጣት ጂኦሎጂስቶች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ገና መዶሻና ኮምፓስ ይዛችሁ ፊልድ መውጣት ለጀመራችሁ ነው። ስማቸውን ብዙዎቻችሁ ስለማታውቁት ሰው ልንገራችሁ። ፕሮፌሰር ፒየር ጉዌን ይባላሉ። ካናዳዊ ጀስዊት፣ ማለትም የካቶሊክ ማኅበር መነኩሴ ነበሩ። ዛሬ በሕይወት የሉም። አገራችን የመሬት መንቀጥቀጥን በመሣሪያ መመዝገብ የጀመረችው ግን በእሳቸው ጥረት ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት የማስተማሩ አደራ የተሰጠው ለካናዳ ጀስዊቶች ነበር። ጉዌንም እዚያው ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ከዚያ ብዙ አገሮች መሬትን በጋራ ያጠኑበት ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት መጣ። የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚቆምበት መስመር፣ የመሬት ማግኔታዊ ወገብ፣ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ስለሚያልፍ፣ እዚህ የሚሠራ ልኬት ለዓለም ሁሉ ይጠቅም ነበር። እናም በ1950 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪው ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ የመሬትን ማግኔታዊ ኃይል ለካ፣ ቀጥሎ መንቀጥቀጥን የሚመዘግበው መሣሪያ፣ ሲስሞግራፍ ተተከለ።

ብዙም ሳይቆይ መሬቷ ራሷ ፈተነቻቸው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በአዲስ አበባና ደሴ መንገድ ላይ ያለችው ካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ጀመረች። መንቀጥቀጡ ለወራት አላባራም። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፣ መሬት ተሰነጠቀ፣ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ተጎዳ። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ የሰርዶ መንደር ወደመች፤ ሰውም ሞተ።

እኔ እሳቸው ክፍል ገብቼ አልተማርኩም። የተማርኩት ከመጽሐፋቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ኦታዋ ላይ የታተመ፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘ ጥራዝ ነው። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ይጀምራል። መሣሪያው የተተከለው ግን በእሳቸው ዘመን ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ከየት አመጡት? ከነገሥታት ዜና መዋዕል፣ ከተጓዦች ማስታወሻ፣ ከሚሲዮናውያን ደብዳቤ። አንዱ ጸሐፊ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል፣ ሌላው በፈረንጅ። አንዱ በዓይኑ ያየውን ይናገራል፣ ሌላው የሰማውን። ይህን ሁሉ ማመሳከር ነበረባቸው።

የ1898 ዓ.ም.ን ነሐሴ 19 ተመልከቱ። በላንጋኖ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በአገራችን አንድም ሲስሞግራፍ አልነበረም። ውጭ አገር ያሉ መሣሪያዎች መዝግበውታል፤ እነሱ ግን የማን ግድግዳ እንደተሰነጠቀ አይነግሩንም። ያን የሚነግረን በቦታው የነበረ ሰው ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። እንዲህ ያለ መዝገብ ስታዩ ባዶ ዓመታት ያጋጥሟችኋል። ባዶ አካባቢዎችም አሉ። መሬቱ በእነዚያ ዓመታት ጸጥ ብሎ ነበር ማለት አይደለም። የሚጽፍ ሰው አልነበረም ማለት ነው። የሚጻፈው ቤተ መንግሥትና ገዳም ባለበት፣ ወደብ ባለበት፣ ተጓዥ በሚያልፍበት ነበር። ስለዚህ ሰሜኑና ሸዋ ብዙ ይጠቀሳሉ፣ ምጽዋ ትጠቀሳለች። አርብቶ አደሩ የሚኖርበት ቆላ ግን ከወረቀት ላይ ይጠፋል። የስምጥ ሸለቆው ልብ ግን እዚያ ነው። ይህን ክፍተት ሳታዩ የስጋት ካርታ ብትሠሩ፣ ያልተጻፈለትን ሕዝብ ከአደጋ ነጻ ነው ብላችሁ ልታስቀምጡት ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ጉዌን በዘመናቸው የቻሉትን አድርገዋል። የአገሪቱን የመሬት መንቀጥቀጥ ስጋት በቀጠና ከፍለው ካርታ አዘጋጅተዋል። በኋላ የመጡት የሕንፃ ደንቦች የተነሱት ከእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው። እናንተ ደግሞ ለእሳቸው ያልተሰጠ ነገር አላችሁ። ከመካከላችሁ አፋርኛ አፉን የፈታበት አለ። ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ የሚናገር አለ። ግዕዝ የተማረ የቄስ ልጅም አይጠፋም። የአያቶቻችሁን ቋንቋ ለሳይንስ የማይጠቅም አድርጋችሁ አትዩት።

መስከረም 1998 ዓ.ም. ላይ አፋር ውስጥ ዳባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ መሬት ተሰንጥቆ አመድ ሲወጣ በቅርብ ያዩት አርብቶ አደሮች ናቸው። በዚያን ጊዜ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ማግማ፣ ማለትም የቀለጠ ዐለት፣ መሬት ውስጥ ሰርጎ መግባቱን ሳተላይት አሳየ። መጀመሪያ ምን እንደተሰማ፣ አመዱ የት እንደወጣ ግን እረኛው ነው የተናገረው። ሁለቱም ያስፈልጉናል።

ሥራ ማግኘት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ብዙዎቻችሁ የወርቅ ፍለጋ ኩባንያ ነው የምታስቡት፤ አልፈርድባችሁም፣ እንጀራ ነው። የትም ብትቀጠሩ ግን የምትሄዱበት መንደር ሽማግሌ አለው። ከሻይ በኋላ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ከሥራ አያስፈታም።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና ዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ የደረሰውን ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለን ሰዎች እንኳ መብራታችን ሲወዛወዝ አይተናል። አዋሽ ፈንታሌ ላይ ግን ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። የመሣሪያው ውጤት ተቀምጧል፤ በየጊዜውም ይታተማል። የተፈናቀሉት ሰዎች ያዩት ግን በአብዛኛው በቃል ነው ያለው። ሂዱና ጠይቁ። ስንጥቁ የት ጀመረ? ፍልውሃው መቼ ጨመረ? ከብቱ ምን ሆነ? የትኛው ግድግዳ፣ በየት በኩል ወደቀ? የቦታውን ስም ነዋሪው በሚጠራበት አጠራር ጻፉ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ተናጋሪው ራሱ አይቶ እንደሆነ፣ ሰምቶ እንደሆነ ለዩ። የተጠራጠራችሁትን አትሰርዙ፤ መጠራጠራችሁን ጎኑ ላይ አስፍሩ። ከዚያ አንድ ቅጂ ለአካባቢው ትምህርት ቤት፣ አንድ ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ስልካችሁ ውስጥ ብቻ አታስቀምጡት።