የጅብ ጥላው ምን አደረገ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከመርሳ ነው። ጓሮዬ ወደ 60 እግር ቲማቲም አለኝ፣ ከቦይ ነው የማጠጣው፣ የውሃ አባቱ ተራ የሚሰጠን በ8 ቀን አንዴ ነው አንዳንዴም ያልፈናል። ከሥሩ ፍግ ጨምሬ የጤፍ ጭድ አልብሼው ነበር፣ አሁን ጭዱን ስገልጠው ነጭ ድር የመሰለ ነገር ወርሶታል የጅብ ጥላም በቅሎበታል። በዛው ሰሞን ፍሬው ቂጡ እየጠቆረ ይበሰብስ ጀመር። ጎረቤቴ የጨረሰው የጅብ ጥላው ነው ጭዱን አቃጥይና መድኃኒት ድፊበት አለችኝ፣ ማንኮዜብ የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ገዝቻለሁ ግን እጄ አልደፈረም። ምን ላርግ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ እንኳን አልደፈረ። ሁለቱ ባንድ ሰሞን ስለመጡ ነው እንጂ የጅብ ጥላው በፍሬው የለበትም። እሱ የሚበላው ፍጉንና ጭዱን ነው፣ የሞተ ነገር ነው ምግቡ። ነጩ ድርም ብዙውን ጊዜ የራሱ አካል ነው፣ ጭዱን አፍርሶ አፈር እያረገልሽ ነው (ብቻ ልጆች እንዳይቀምሱት፣ የማያውቁት እንጉዳይ አይበላም)። ደግሞ ባይን የማይታይ ማይኮራይዛ የሚባል ፈንገስ አለ፣ ከቲማቲሙ ሥር ጋር ተጣብቆ ይኖርና ሥሩ የማይደርስበት ድረስ ሄዶ ፎስፈረስ ያመጣለታል፣ ቲማቲሙም በስኳር ይመልስለታል፣ ወንፈል በይው። መድኃኒት አፈሩ ላይ ስትደፊ ይሄንንም ልትጎጂው ትችያለሽ።

አሁን ወደ ቂጡ። አበባው የረገፈበት ጫፍ ላይ ጀምሮ ደረቅ፣ ጎድጎድ ያለ፣ ቆዳ የመሰለ ጥቁር ከሆነ በሽታ አይደለም፣ ካልሲየም ሳይደርሰው ቀርቶ ነው። መሬቱ ውስጥ ካልሲየም ጠፍቶ ላይሆን ይችላል፣ የሚጓዘው ግን ከውሃ ጋር ነው፣ ውሃውን አብዛኛውን የሚስበው ደግሞ ቅጠሉ ነውና አፈሩ 8 ቀን ደርቆ ባንዴ ሲጥለቀለቅ መጀመሪያ የሚራበው የፍሬው ጫፍ ነው። ከዛ በኋላ ነው ጥቁር ሻጋታ መጥቶ ቁስሉ ላይ የሚሰፍረው፣ ሰው የሚያየው ሻጋታውን ስለሆነ እሱ ይወቀሳል። ሞላላዎቹ እንደ ሮማ ቪኤፍ ያሉት ዘሮች በዚህ ይብስባቸዋል። ስሙ ላይ ያሉት ፊደሎች ቨርቲሲሊየምና ፉዛሪየም የሚባሉትን የአፈር ፈንገሶች ይቋቋማል ለማለት ነው እንጂ ለዚህ ነገር አይደሉም።

ስለዚ ጭዱን እንዳትነኪው፣ እርጥበቱን የያዘልሽ እሱ ነው። ተራሽ ሲደርስ በበርሜል አጠራቅሚና በመሃል በየ2 እና 3 ቀኑ ከሥሩ ጠጋ አርገሽ አጠጪ። ዩሪያ ካበዛሽ ቀንሺ፣ ቅጠሉን አፍልቶ ፍሬውን ያስርብብሻል። የጠቆረውን ቅጠፊው አይድንም፣ ቀጥሎ የሚመጣው ግን ንጹህ ሊሆን ይችላል። የእንቁላል ቅርፊት ቅበሪ የሚሉሽም አይጠፉም፣ ክፋት የለውም ግን እስኪሟሟ ቲማቲሙ ተለቅሞ ያልቃል።

ፈንገስ ፍሬ አያበሰብስም ማለቴ ግን አይደለም። ፍሬው አፈር የነካበት ጎኑ ላይ እንደ ቀለበት ባንድ ማእከል የተደራረበ ቡናማ ክብ ካየሽ ራይዞክቶኒያ ወይም ፋይቶፍቶራ ሊሆን ይችላል (ፋይቶፍቶራ በሳይንሱ እውነተኛ ፈንገስ አይደለም፣ ፈንገስ የሚመስል እርጥበት ወዳድ ሌላ ፍጥረት ነው)፣ መድኃኒቱ ችካል ተክለሽ ማሰርና ፍሬውን ከመሬት ማንሳት ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የመርሳ ቆላ ሞቃት ነውና ግንዱ ከአፈር የሚወጣበትን አንገቱን ገልጠሽ እይ። ነጩ ድር ጭዱ ላይ ሳይሆን አንገቱን አንቆ ከያዘና በመሃሉ ሰናፍጭ የሚያካክሉ ቡናማ ፍሬዎች ከታዩሽ፣ ተክሉም ጠዋት ቆሞ ቀን ከጠወለገ፣ ስክለሮቲየም የሚባል የአፈር ፈንገስ ነው። እነዛ ሰናፍጮች አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ። ተክሉን ከነአፈሩ ቆፍረሽ አውጪና አቃጥይ፣ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሪው። ቦታው ላይ ለሚቀጥሉት 2 እና 3 ዓመታት በቆሎ ወይም ማሽላ ዝሪበት፣ ድንችም በርበሬም ባይሆን ይሻላል። ከተጠራጠርሽ አንድ እግር ከነአፈሩ በፌስታል ይዘሽ ሲሪንካ ግብርና ምርምር ድረስ ብቅ በይ፣ ቅርብሽ ነው።

ማንኮዜቡን ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጪው፣ የቅጠል በሽታ ሲመጣ ነው ስራው።