መጀመሪያ ቀዳዳው፣ ከዚያ መስቀሉ

ይድረስ ለእናንተ፣ ሰርኪዩት ቦርድ (የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች የሚበየዱበትን መዳብ የተለበጠ ሰሌዳ) ትርፍ መዳቡን በኬሚካል ራሳችሁ አጥባችሁ ራሳችሁ ለምትበሱ ልጆቼ፦

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለችው ጠባብ ሱቄ አምፕሊፋየርና ስታቢላይዘር ስጠግን ፀጉሬ ሸበተ። ቦርድ መብሳት የምኮራበት ሥራ ነበር፤ አጉሊ መነፅር የሚያነሣ ባለሙያ ሳይ በልቤ እስቅ ነበር። ኋላ የእኔም ዓይን ከዳኝና በአንድ ቦርድ ላይ ሦስት ቀዳዳ ስስት ጥፋቱን በፑንታው (በመብሻ ብረቱ)፣ በመብራቱ፣ አንዴም በተለማማጄ ላይ አላከክሁ። ካሜራ እንግጠም ያለኝ ያው ተለማማጅ ነው። እሺ ለማለት ዓመት ያህል ፈጀብኝ።

በቀዳዳ የሚገቡ አይሲዎች (ብዙ እግር ያላቸው ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች) እግሮቻቸው አብዛኛውን ጊዜ በ2.54 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። እግሩ የሚበየድበትን የመዳብ ክብ እኔ 1.6 ሚሊ ሜትር አድርጌ እሠራለሁ፣ ቀዳዳው 0.8 ነው። እንግዲህ በቀዳዳው ዙሪያ የሚተርፈው መዳብ 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እጃችሁ ይህችን ታህል ከሳተ፣ በአንድ በኩል ስታኞው (ቀልጦ የሚበይደው ብረት) የሚይዘው መዳብ አይኖርም።

አሠራራችን ቀላል ነው። ሞተሩ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ ፑንታው ወደ ላይ ቀና ብሎ ይቆማል። ከተጣለ ፕሪንተር በወጡ ሁለት የብረት ዘንጎች ላይ ይንሸራተታል፤ የሚያነሣው እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ ፔዳል ስለሆነ ሁለቱም እጆች ቦርዱን ጭነው ይይዛሉ። ካሜራው ከላይ መዳቡን ያያል። ተራ የኮምፒውተር ካሜራ ይበቃል፤ የብዙዎቹ ሌንስ በእጅ ሲዞር ለቅርብ ዕይታ ይስተካከላል። ስክሪኑ ላይ መስቀለኛ መስመር አለ፤ የመዳቡን ክብ መሃል እዚያ አምጥታችሁ ፔዳሉን ትረግጣላችሁ።

ጣጣው መስቀሉ የት ይሠመር የሚለው ነው። የጥምቀት ሰሞን አንድ አምፕሊፋየር ለማድረስ ቃል ገብተን ነበር። ቋሚው ብረት ስለከለለው ካሜራው 15 ዲግሪ ያህል አዘንብሏል፤ «ይታያል አይደል?» ብዬ አለፍሁት። ተለማማጁ መሞከሪያ የቦርድ ቁራጭ ሲፈልግም ጊዜ አናባክን ብዬ ካርቶን ሰጠሁት። ካርቶኑን በሳን፣ መስቀሉን በቀዳዳው ላይ አሠመርን፣ ከ40 በላይ ቀዳዳ ያለ እረፍት በሳን። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሸሽተው አገኘናቸው። ካርቶኑ ስስ ነው፤ ቦርዱ 1.6 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። ካሜራ ካዘነበለ የከፍታ ልዩነት ወደ ጎን ሽሽት ይለወጣል፤ ስናሰላው 0.35 ሚሊ ሜትር ገደማ መጣ። ከዚያች 0.4 ምን ተረፈ? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! ጥር 10 ሌሊቱን ከተማው በዝማሬ ሲያድር እኛ አዲስ ቦርድ ስናጥብ አደርን።

ስለዚህ መሞከሪያው ከዚያው ቦርድ የተቆረጠ ይሁን። ካሜራው ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ መስታወት አስተኙ፤ ካሜራው የራሱን ሌንስ ከምስሉ መሃል ካየ ቀጥ ብሏል። ቀጥሎ ቁራጩን ብሱና ሳይነቃነቅ መስቀሉን ወደ ቀዳዳው ውሰዱ። ቀዳዳዎቹ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ከሸሹ የሳተው መስቀሉ ነው። አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ከሆነ ግን የፑንታው ማሰሪያ ላልቷል፣ ወይም ቦርዱን አጥብቃችሁ አልያዛችሁም፤ ካሜራውን አትነካኩ።

ፑንታው የሚወጣው በመዳቡ በኩል ስለሆነ የዶለዶመ ከሆነ ክቡን ልጦ ያነሣዋል። ካርባይድ ከሚባል በጣም ጠንካራ ነገር የተሠራ ፑንታ ስለቱ ይቆያል፣ ነገር ግን ወደ ጎን ከተገፋ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ተመልሶ ሳይወርድ ቦርዱን አታንቀሳቅሱ። መነፅርና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ፤ ከቦርዱ የሚወጣው የፋይበር ግላስ ብናኝ ለሳንባ አይሆንም። እኔ ስንት ዓመት ሳላደርግ ሠራሁ፤ በዚህ አትከተሉኝ።

ፑንታ በቀየራችሁ ቁጥር ቁራጭ ብሱ። የእኛዎቹ ቁራጮች አንዳንድ ቀዳዳ ይዘው ከበሩ ጀርባ በሽቦ ተሰክተዋል። ደንበኞች ለምን እንደማልጥላቸው ይጠይቁኛል። የሚመልስላቸው ተለማማጄ ነው፤ ከሁሉም ፊት የተሰካችውን የካርቶን ቁራጭ እየሳቀ ያሳያቸዋል።