በሐይቅ፣ በኮረብታና በታሪካዊ ስፍራ መካከል በብስክሌት መጓዝ፦ ጥያቄና መልስ

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ሻንጣ በተጫነበት ብስክሌት ለብዙ ቀናት ለመጓዝ ያሰቡ አባላት የላኳቸው ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ስለ ውድድር ብስክሌት የተጠየቁትን ግን ለሌላ ጊዜ አቆይቻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይመከራል? የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የተለያየ ቁጥር ነው የሚነግረኝ።

መልስ፦ የተለያየ ቁጥር የሚነገርዎት ኪሎ ሜትር ብቻውን የቀኑን ድካም ስለማይለካ ነው። መስመር ሳወጣ መጀመሪያ የምመለከተው የቀኑ አቀበት ተደምሮ ስንት ሜትር እንደሚሆን ነው፤ ርቀቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሒሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል። እርስዎ፣ ብስክሌቱና ሻንጣው በአንድነት 100 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፣ ይህን ክብደት 100 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት 98 ኪሎ ጁል ገደማ ጉልበት ይጠይቃል። ለረጅም ሰዓት ያለ ችግር ሊቀጥሉበት የሚችሉት ኃይል 150 ዋት ነው ብንል፣ ይህ 11 ደቂቃ ይፈጃል። በዚያው 11 ደቂቃ ሜዳ ላይ ዘና ብለው ቢነዱ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዙ ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር አቀበት በርቀቱ ላይ 3 ኪሎ ሜትር ይደምሩበት። ካርታው 50 ኪሎ ሜትር የሚለው፣ ነገር ግን 1,000 ሜትር አቀበት ያለበት ቀን፣ በእግርዎ ሲለካ የ80 ኪሎ ሜትር ቀን ነው ማለት ነው።

ታዲያ ለጀማሪ በዚህ መንገድ የተደመረው ቁጥር ከ60 ባይበልጥ እመርጣለሁ። ከዚያ በላይ መሄድ የሚችሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም ታሪካዊ ስፍራ ለማየት የወጣ ሰው ቤተ መንግሥቱ ወይም ገዳሙ በር ላይ ሲደርስ ደረጃ የሚወጣበት ጉልበትና ቢያንስ የሁለት ሰዓት ጊዜ ሊተርፈው ይገባል። ይህን ያላሰበ ተጓዥ የሚያየው አስፋልቱን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቅም፣ ኮረብታም፣ ታሪክም በአንድ ላይ ያለበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የማይከብድ መስመር ይጠቁሙን።

መልስ፦ ያለ ማመንታት የምጠቁመው ጀርመን፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ የሚዋሰኑበትን የኮንስታንስ ሐይቅ ነው። ሐይቁን የሚዞረው የብስክሌት መስመር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው ሜዳ ነው። ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ጉዞውን እንደ አቅም ለማሳጠር ማመቸቱ ነው፤ መርከቦቹ ብስክሌት ስለሚያሳፍሩ፣ ለምሳሌ ከሜርስቡርግ ተነሥቶ ወደ ኮንስታንስ ከተማ በመሻገር የሰሜን ምዕራቡን ክፍል በሙሉ መተው ይቻላል።

ታሪኩም ቢሆን በየአሥር ኪሎ ሜትሩ ያቆማል። የኮንስታንስ ከተማ በአንድ ጊዜ ሦስት ሰዎች የጵጵስናውን መንበር ይገባናል ያሉበትን የምዕራቡን ቤተ ክርስቲያን ክፍፍል የዘጋው ጉባኤ ከ1414 እስከ 1418 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተካሄደባት ናት። በ724 ገዳም የተመሠረተባት የራይሸናው ደሴት ከየብስ ጋር የተገናኘችው በጠባብ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙን ውኃ ይዞ በብስክሌት ለሚያልፍ ሰው ይህ መንገድ ብቻውን ጉዞው የሚገባው ነው። ደሴቲቱ በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ኮረብታ ያማረው ደግሞ የሜርስቡርግን አሮጌ ቤተ መንግሥት ለማየት ከሐይቁ ዳር ወደ ላይኛው ከተማ ይወጣል፤ አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገት ስለሆነ ብስክሌቱን እየገፉ መውጣት ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ስንዞር በየትኛው አቅጣጫ ብንሄድ ይሻላል? ልዩነትስ አለው?

መልስ፦ አለው። ሐይቁ ሁልጊዜ እርስዎ በሚነዱበት የመንገዱ ጠርዝ በኩል እንዲሆን ያድርጉ። ተሽከርካሪ በቀኝ በሚነዳበት አገር በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ መዞር፣ በግራ በሚነዳበት አገር ደግሞ በተቃራኒው መዞር ይመረጣል። በጃፓን የቢዋ ሐይቅ ዙሪያ ያለው የ200 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር በተቃራኒው አቅጣጫ እንዲዞሩት የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ያደረገ ተጓዥ ውኃውን ለማየት በቆመ ቁጥር መንገድ አያቋርጥም፤ በመካከሉም መኪና አያልፍበትም።

ነፋስም ይታሰብበት። ፀሐይ የብሱን ከውኃው ቀድማ ስለምታሞቀው በቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ሌሊት ይገለበጣል። በተራራ መካከል የተጋደሙ ረጃጅም ሐይቆች ላይ ይህ ይበረታል። በሰሜን ጣሊያን ጋርዳ ሐይቅ ላይ ጠዋት ከሰሜን፣ ከቀትር በኋላ ከደቡብ የሚነፍሱት ነፋሶች የየራሳቸው ስም አላቸው፦ የጠዋቱ ፔለር፣ የከሰዓቱ ኦራ ይባላል። ጠዋት ወደ ደቡብ፣ ከሰዓት ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ቀኑን ሙሉ ከኋላው ይገፋል ማለት ነው። የአየርን ተቃውሞ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ፍጥነት ሲጨምር በጣም ስለሚያሻቅብ፣ ከፊት የሚመጣ ነፋስ ሜዳውን ዳገት ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ የሐይቅ ዳር መንገድ ሁሉ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ በፍጹም። ውኃው ሜዳ ነው እንጂ ዳርቻው እንደ ሐይቁ አፈጣጠር ይለያያል። ገደል በሚወርድበት ዳርቻ መንገዱ ወይ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወይ ተራራውን በስቶ በዋሻ ያልፋል። በጋርዳ ምዕራባዊ ዳርቻ ዋሻው ስለሚበዛ ከኋላም ከፊትም መብራት የሌለው ብስክሌት ይዞ መግባት የለበትም፤ ብስክሌት የተከለከለባቸው ክፍሎች መኖር አለመኖራቸውንም ከመነሣት በፊት ማጣራት ይገባል።

በዚያው አካባቢ ግን ከምወዳቸው አቀበቶች አንዱ ይገኛል። ከሪቫ ከተማ ተነሥቶ በገደሉ ወገብ ላይ የተቆረጠው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፖናሌ መንገድ ዛሬ ለእግረኛና ለብስክሌት የተተወ ሲሆን፣ ጠጠርማ ስለሆነ ሰፋ ያለ ጎማ ይፈልጋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዐለቱ ውስጥ የተፈለፈሉት ምሽጎች ከመንገዱ ዳር ይታያሉ። ከባሕር ወለል 65 ሜትር ከፍታ ካለው ጋርዳ ተነሥተው 655 ሜትር ላይ ወዳለው የሌድሮ ሐይቅ ይደርሳሉ። በ1929 ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲባል የሌድሮ ውኃ ዝቅ ሲል፣ የነሐስ ዘመን ሰዎች ቤታቸውን ያቆሙባቸው በሺዎች የሚቆጠሩ የእንጨት ምሰሶዎች ከጭቃው ብቅ ብለው ታይተዋል። ስፍራው በ2011 በአልፕስ ዙሪያ ካሉ መሰል መንደሮች ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። 590 ሜትር አቀበት በእኛ ሒሳብ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ለዚያ ቀን ሌላ ነገር ባያቅዱ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ከዚህ ከበድ ያለ፣ ነገር ግን ብዙ ሰው የማይጨናነቅበት ስፍራ አለ?

መልስ፦ የኦህሪድንና የፕሬስፓን ሐይቆች ይመልከቱ። ኦህሪድ በሰሜን መቄዶንያና በአልባኒያ መካከል፣ 690 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ከኦህሪድ ከተማ በምሥራቁ ዳርቻ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ሲጓዙ የቅዱስ ናኡም ገዳም ይገኛል፤ የተመሠረተው በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ገዳሙ አጠገብ ካሉት ምንጮች ላይ ቆመው ወደ ታች ቢመለከቱ ውኃው አሸዋውን እያንቀጠቀጠ ከሥር ሲፈልቅ ያያሉ። ይህ ውኃ የሚመጣው በከፊል ከተራራው ባሻገር፣ 150 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከሚገኘው የፕሬስፓ ሐይቅ ነው፤ የጋሊቺጻ ተራራ የኖራ ድንጋይ በመሆኑ ውኃው በውስጡ እየሰረገ ያልፋል።

ብስክሌተኛው ግን በውስጡ ሊያልፍ አይችልምና ከላይ መሻገር አለበት። መንገዱ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ይህም ከሐይቁ ዳር ከ800 ሜትር የሚበልጥ አቀበት ነው። ዳገቱን ጠዋት በማለዳ ይጀምሩት፣ ውኃም በበቂ ይያዙ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሁለቱ ሐይቆች ከግራና ከቀኝ የሚታዩበት ስፍራ አለ። ገዳሙን ከአቀበቱ በፊት ባለው ቀን ቢያዩት የተሻለ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ምሽጎችና ቤተ መንግሥቶች ሁሉ ኮረብታ ላይ ናቸው። በሻንጣ መውጣት የግድ ነው?

መልስ፦ የሠሩዋቸው ሰዎች ጠላት በቀላሉ እንዳይደርስባቸው ብለው ነውና ቅሬታው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የተሰማ ነው። መፍትሔው የማደሪያውን ቦታ ኮረብታው ሥር ማድረግ፣ ሻንጣውን እዚያ አስቀምጦ ባዶ ብስክሌት ይዞ ወይም በእግር መውጣት ነው። 20 ኪሎ ግራም መቀነስ ከ100 ኪሎ ግራም ሥራ ላይ አንድ አምስተኛውን ያስቀራል። በአሮጌ ከተሞች ውስጥ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ ስለሚበዛ፣ ከ35 ሚሊ ሜትር ያልጠበበ ጎማና ዝቅ ያለ የጎማ ነፋስ ለእጅም ለወገብም ይጠቅማል። ሙዚየሞች በሳምንት አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜም ሰኞ፣ እንደሚዘጉ አይርሱ።

ጥያቄ፦ ማርሹስ ምን ዓይነት ይሁን?

መልስ፦ በዝቅተኛው ማርሽ የፊቱ ጥርስ ቁጥር ከኋላው ማነስ አለበት፤ ለምሳሌ ከፊት 28፣ ከኋላ 36። በዚህ ማርሽ ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ቢያዞሩ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ፤ 10 በመቶ ዳገት ላይ ጉልበትን ሳይጎዳ የሚያስኬደው ይኸው ነው። ጥቃቅን ማርሽ የደካማ ነው የሚሉ ይኖራሉ። ይህ አመለካከት አሮጌ ነው፤ የቱር ደ ፍራንስ አዘጋጆች ማርሽ መቀየሪያን የፈቀዱት በ1937 ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ፖል ደ ቪቪና መሰሎቹ የጉዞ ብስክሌተኞች ግን ከዚያ በፊት ለአሥርት ዓመታት ተራራውን በእሱ ሲወጡ ኖረዋል።

ጥያቄ፦ ቁልቁለት እፈራለሁ። ፍሬኑን ሁልጊዜ ይዤ ብወርድ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ከሌድሮ ወደ ጋርዳ የሚወርድ 100 ኪሎ ግራም የሚያወጣው ጉልበት አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ለማፍላት ይበቃል፤ ከፊሉን አየሩ ቢወስደውም የቀረው ፍሬንዎ ላይ ነው የሚያርፈው። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ሙቀቱ የውስጡን ጎማ ሊያፈነዳው ይችላል። ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርገው ይያዙ፣ ከዚያ ይልቀቁት፤ ሁለቱንም ፍሬኖች ይጠቀሙ፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ቆም እያሉ ያቀዝቅዙት። ፍርሃቱ ራሱ ጥሩ ነው፤ ይዘውት ይቆዩ።

ጥያቄ፦ በስልክ ላይ ያሉት የመስመር ማውጫዎች የሚሰጡት የአቀበት ቁጥር ይታመናል?

መልስ፦ ለማነጻጸር ይጠቅማል፣ ቃል በቃል ግን አይወሰድ። አብዛኛዎቹ ከፍታውን የሚያነቡት ከመሬቱ ገጽ ካርታ ስለሆነ፣ መንገዱ በዋሻ ሲያልፍ እርስዎ ከላይ ያለውን ተራራ የወጡ አድርገው ይቆጥሩታል፤ በድልድይ ሲያልፍ ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ወርደው የወጡ ያስመስሉታል። ዋሻ የበዛበት የሐይቅ ዳር መንገድ በዚህ ምክንያት አስፈሪ ቁጥር ይሰጥዎታል። የኮንቱር መስመር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር) ያለበትን ካርታ ከፍተው፣ መንገዱ መስመሮቹን የት የት እንደሚያቋርጥ በዓይንዎ ይከተሉ። መስመሮቹ ተጠጋግተው መንገዱ በቀጥታ ከቆረጣቸው መግፋት ሊኖር ነው። የድሮ የባቡር ሐዲድ ወደ ብስክሌት መንገድነት የተለወጠበት ካገኙ ደግሞ ሳያመነቱ ይያዙት፤ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ አቀበቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 በመቶ አያልፍም። በኒው ዚላንድ 152 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኦታጎ ማዕከላዊ የሐዲድ መንገድ እንዲህ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ብጓዝስ?

መልስ፦ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑም፣ እኩል አቅም ለሌላቸው ጥንዶችም ጥሩ ነገር ነው። ሞተሩ ብቻውን ቢሠራ 1,000 ሜትር አቀበት የ500 ዋት ሰዓት ባትሪን ከግማሽ በላይ፣ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይጨርሳል፤ ስለዚህ እዚህም ላይ የሚቆጠረው አቀበት ነው። በአውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነ ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ መንገደኛ ይዞ እንዲገባ ስለማይፈቀድ፣ ብስክሌቱን እዚያው መከራየት ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፦ በየትኛው ወቅት እንሂድ?

መልስ፦ በአውሮፓ ላሉት መስመሮች ግንቦትና ሰኔ፣ እንዲሁም መስከረም ይመቻሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ ሐይቅ ዳር ማደሪያ አስቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም። ከፍታ ላይ የሚወጣ መስመር ከሆነ ግን ሐይቁ ዳር ያለውን ሙቀት አይመኑ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል፤ ላብ ያጠመቀው ሰው ደግሞ ቁልቁለት ሲወርድ በነፋሱ ይበልጥ ይበርደዋል። ጫፉ ላይ ከመውረድዎ በፊት የሚለብሱት ነፋስ የማያስገባ ጃኬትና ጓንት ከሻንጣው አናት ላይ ይቀመጥ። እንደ ጋሊቺጻ ያሉ ከፍተኛ መተላለፊያዎች በረዶ ሲኖር ስለሚዘጉ፣ በፀደይ መጀመሪያ የሚሄዱ ከሆነ መንገዱ መከፈቱን በዚያው ሳምንት ያረጋግጡ።